አራሷ የት ትተኛለች?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ስለምንሠራው ነገር የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። "ለችግረኛ እናቶች ምን ምን ትሰጣላችሁ?" ይሉኛል። ልብስ? ዳይፐር? ወተት? ጥያቄው ራሱ ከመነሻው የተጣመመ ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ በአንድ ጉዳይ ላሳይ። ጉዳዩ የ2017 ዓ.ም. ነው፤ ከኅዳር ይጀምራል። የምጽፈው እናቲቱን አስፈቅጄ ነው። ስሟን አልጠራም፣ የመጣችበትን ቀበሌም አልናገርም፣ የታከመችበት ቦታም ይቅር።

መጀመሪያ ስለ እኛ ትንሽ። ማኅበር ይሉናል እንጂ ማኅበር አይደለንም። አጣዬ በ2013 ስትቃጠል፣ ቀጥሎም ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች በብዛት ወደ ከተማችን ሲመጡ፣ ብርድ ልብስና ዱቄት ከየቤቱ ስናሰባስብ የተዋወቅን ሰዎች ነን። መምህር አለ፣ ባጃጅ የሚነዳ አለ፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ አለች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። አንዲት አዋላጅ ነርስም አለች፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። በየመጠለያው ስንዞር ሸራ ሥር የተኛች አራስ ደጋግመን አየን፤ በዚያው እዚህ ሥራ ላይ ቀረን። በየወሩ የአቅማችንን እናዋጣለን። ፈቃድ የለንም። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 መሠረት መመዝገብ እንደሚቻል እናውቃለን፤ ግን ሒሳብ ሠራተኛው፣ ሪፖርቱ፣ ምልልሱ እያልን ዓመት ዓመትን ወለደ። ብሩ በሦስት ሰዎች ስም በተከፈተ የባንክ ደብተር ነው የሚቀመጠው። ይህች ነገር ኋላ ትመጣለች።

አሁን ወደ ልጅቷ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከመንዝ በኩል ነው የመጣችው። መጀመሪያ ሰው ቤት ተቀጠረች፤ ሆዷ ሲታወቅ ሒሳቧን ሰጥተው አሰናበቷት። ከዚያ ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ አሸዋና ብሎኬት ስታቀብል ቆየች፣ ያውም እስከ ስምንተኛ ወሯ። ከቀን ሠራተኛ ጓደኞቿ ጋር ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው አንድ ፍራሽ ላይ ነበር የሚያድሩት። የልጁ አባት አናጺ ነው፤ እርግዝናው በተነገረው ሰሞን ስልኩ ተዘጋ፣ እንደተዘጋም ቀረ። በዚህ ላይ አልቆይም፣ የሰማችሁት ታሪክ ነው።

አንድ ነገር ግን በጎን ልበል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዟ ፈቃድ ይሰጣታል። ደግ ነው። የቤት ሠራተኛን ግን ያ አዋጅ አያቅፋትም፤ "ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት" ብሎ ከክልሉ አውጥቷታል። የቀን ሥራው ደግሞ ውል የለው፣ ፊርማ የለው፣ ማታ ማታ ተቆጥሮ የሚሰጥ ብር ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ስትደርስ ሕጉም አያውቃት፣ አሠሪዋም አያውቃት።

የወለደችው መንግሥት ተቋም ነው፤ ማዋለድ በነፃ ስለሆነ እዚያ ላይ ችግር አልገጠማትም። ከቀኗ ትንሽ ቀድማ ሴት ልጅ ተገላገለች። ሕፃኗ ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም ነበረች። ከሁለት ኪሎ ተኩል በታች ሲሆን ክብደቱ ያነሰ ጨቅላ ነው የሚባለው፤ በተለይ ከብርድ መጠበቅ አለበት። በማግስቱ "ደህና ናችሁ፣ ሂዱ" ተባሉ። የት? ቤት ያከራያቸው ሰውዬ "ሕፃን ሌሊት እያለቀሰ ተከራይ ይሸሽብኛል፣ አራስ አላስገባም" ብሎ ቁርጡን ነግሯታል። ሲስተር ከሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ቁጭ ብላ አገኘቻት። አንድ ነጠላ፣ አንድ ፌስታል፣ በሹራብ የተጠቀለለች ልጅ። ኅዳር ነው፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ በዚያ ወር ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው።

ሲስተር ስትደውል ስልኳን መጀመሪያ ያነሳችው ሽንኩርት የምትሸጠው እህታችን ነበረች። ማንንም አላማከረች። ባጃጅ ይዛ ሄዳ ቤቷ አመጣቻት። በሩ ላይ ስትቀበላት "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አለቻት። ልጅቷ ያኔ ማልቀስ ጀመረች፤ ከወለደች ያን ቃል ያላት ሰው አልነበረም። የዚያን ዕለት ማታ የገብስ ገንፎ ተገነፋ፣ መሐሉ ላይ ቅቤ ፈሰሰበት፣ ሁሉንም በላችው። ሴት ለመጀመሪያ ልጇ እናቷ ቤት ሄዳ የምትታረስበት አገር ውስጥ ነን። ይህችኛዋ ያጣችው እሱን ነው፤ የሚንከባከባትን ሰውና የምትተኛበትን ቤት።

በማግስቱ ተሰበሰብን፣ ተጣላን። ግማሾቹ እንደ ልማዳችን ጥቅል እንግዛ አሉ። ጥቅል የምንለው ሳሙና፣ የሕፃን ልብስ፣ ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ አንድ ጣሳ የዱቄት ወተት ነው። ውጭ አገር ያለ አንድ ደጋፊያችንም ገንዘብ እልካለሁ ብሏል፤ ግን እናትየው ጥቅሉን ስትቀበል ፎቶ ይፈልጋል። መምህሩ ፎቶው ምን ችግር አለው፣ ነገ ሌላ ሰው ይረዳበታል አለ። ባጃጅ ነጂው፣ ብዙ ጊዜ ዝም የሚል ሰው፣ "እሺ ጥቅሉን ሰጠናት፤ ማታ የት ይዛው ትተኛለች?" አለ። ስብሰባው እዚያ ላይ ተገለበጠ። ፎቶው ቀረ፤ ሰውየው አኮረፈ፣ ብሩንም አልላከም። እኔ በግሌ አልቆጨኝም፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊቷ ከሳሙና ጋር ሲዞር ቢውል መንደሯ ሳይደርስ አይቀርም ነበር።

የጣሳው ወተት ግን ለብቻው መወራት አለበት፤ ሰው በደግነት የሚጎዳበት ቦታ ነውና። ከቀደመ ልገሳ የተረፉ ሁለት ጣሳዎች ነበሩን። ሲስተር እንዳይነኩ አለች። ምክንያቷን ስትነግረን እንዲህ ነበር። ጡት እንደ ምንጭ ነው፣ ሲቀዳ ነው የሚፈልቀው፤ ልጅ በጡጦ ከጠገበች አትጠባም፣ ካልጠባች ወተቱ ይቀንሳል። ጣሳው ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ያኔ ጡቱም የለ፣ ጣሳውም የለ። ችግረኛ ቤት ውስጥ ውኃውን የሚያፈላ፣ ጡጦውን የሚቀቅል ማነው? ወይ ዱቄቱ እንዲበረክት ብለው ያቀጥኑታል። ሲስተር በዚህ ብቻዋን አይደለችም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ የእኛው ጤና ሚኒስቴር የሚሉት እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ነው። ሐኪም አይቶ የሚያዝበት ጊዜ አለ፤ እሱን ለሐኪም እንተወዋለን።

ልጅቷ እንገሯን አልባ ጥላዋለች። ጓደኞቿ "ቢጫው ቆሻሻ ነው፣ አፍስሺው" ብለዋት። ሲስተር ሳትቆጣ ነገረቻት፤ የቀረውም ቢሆን ለልጅሽ የመጀመሪያ መድኃኒቷ ነው አለቻት። ሕፃኗ ትንሽ ስለሆነች ጥቂት ጠብታ ስባ ትተኛለች፤ ስለዚህ እናትየው በእጇ እያለበች በትንሽ ሲኒ ወደ ከንፈሯ ጠጋ አድርጋ ማጠጣት ተማረች። ፍንጃሉ ተቀቅሎ፣ እጅ ታጥቦ፣ ሌሊትም ቀንም። አሰልቺ ነው። ሦስተኛው ሌሊት ላይ "አልቻልኩም" ብላ ፍንጃሉን ወርውራው ነበር፤ የሽንኩርቷ እህታችን ሌላ አመጣችላት፣ ምንም አላለቻትም።

ብርዱስ? ማሞቂያ ክፍል የለንም። የእናቷ ደረት ግን አለ። ሕፃኗ ከዳይፐርና ከኮፍያ በቀር ራቁቷን ሆና በእናቷ ሁለት ጡቶች መሐል በቁሟ ትደረጋለች፣ እግሮቿ እንደ ታጠፉ፣ ራሷ ወደ ጎን ዘወር ብሎ አፍንጫዋ እንዳይታፈን። ከዚያ በነጠላ ጥብቅ ተደርጋ ትታሠራለች፣ ከላይ ሹራብ፣ ከዚያ በላይ ጋቢ። የካንጋሮ እንክብካቤ ነው የሚሉት። በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያዋ ቦጎታ ማሞቂያ ሣጥን ያጠራቸው ሐኪሞች የጀመሩት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ክብደታቸው ላነሰ ሕፃናት ከተወለዱባት ሰዓት ጀምሮ ይደረግ ብሎ መከረ። ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የእናትየዋን ደረት ነው፣ ቀኑን ሙሉ። ልብ በሉ፤ ቀኑን ሙሉ ልጅ ደረቷ ላይ ያሠረች ሴት ውኃ አትቀዳም፣ አታበስልም፣ ልብስ አታጥብም። ስለዚህ ያ "ነፃ" የተባለው ሕክምና ከጀርባው ሌላ ሰው ካልቆመ አይሠራም። ጥቅል ይዘን ከመጣን የማይሠራው ለዚህ ነው።

ክፍሉ የተገኘው በእድር በኩል ነው። አንዲት እማማ ጓሯቸው ውስጥ ባዶ ክፍል ነበራቸው፤ ኪራዩን ከገበያው ዋጋ ዝቅ አድርገው ሰጡን፣ ነፃ ግን አላደረጉትም። "እኔም የምበላው ከሱ ነው ልጆቼ" አሉ፣ ልክ ናቸው። የሦስት ወር ቅድሚያ ከፈልን፤ ካዝናችን በዚያው ተራቆተ። ሲስተር ክፍሉን አይታ አንድ ሕግ አወጣች፤ ከሰል ክፍል ውስጥ አይገባም። በብርድ ሰሞን በር ዘግቶ ከሰል አያይዞ መተኛት የለመድነው ነገር ነው፤ ጢሱ ባይታይም የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ላይ እያሉ ይገድላል። እማማ ይህን ሲሰሙ "ታዲያ በምን ትሞቃለች?" አሉና ገብተው ከሣጥናቸው ባና አወጡ፣ ድሮ በመንዝ ሱፍ የተሠራ፣ ሲያነሱት እጅ የሚያዝል። ልጅቷ ባናውን ስታየው ሽታውን ነው መጀመሪያ ያወቀችው።

ከዚያ ተራ ወጣ። ሴቶቹ በየተራ ጠዋት ይመጣሉ፣ አጥሚት ያፈላሉ፣ ያጥባሉ፣ ይሄዳሉ። የወንዶቹ ድርሻ ውኃና ዱቄት ነው። አንድ ያልተጻፈ ሕግም ነበረን፤ "ማነው አባቱ?" "ምን አሳሳተሽ?" የሚል ሰው ተራው ይሰረዛል። አንዲት ሴትዮ ተሰረዘች፣ እስከዛሬ አታናግረንም። እማማ ደግሞ ለሕፃኗ ቅቤ ላስውጣት ብለው ተነሱ። ይህን ልማድ በአንድ ቀን ከሰው እጅ አታስጥለውም። ሲስተር "እማማ፣ ቅቤውን ለእናቲቱ ይስጡልኝ፣ በእሷ በኩል ለልጅቷ ይደርሳታል" አለቻቸው። ተስማሙ። እኔ ብሆን ንግግር አደርግ ነበር፣ እማማም ይቀየሙ ነበር።

ሁሉም መልክ ሲይዝ ሕፃኗ ታመመች። ሁለተኛ ሳምንቷን ልትጀምር ስትል፣ ከሰዓት ጀምሮ መጥባት ትታ ዝም ብላ ተኛች። እማማ "ደጓ ልጅ፣ አታስቸግርም" አሉ። አደጋው እንዲህ ነው የሚመጣው። ጨቅላ ትኩሳት ሳያሳይም ሊታመም ይችላል፤ አለመጥባት፣ መልፈስፈስ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ሰውነት መቀዝቀዝ ሁሉ ምልክት ነው። እናትየው ሲስተር የነገረቻትን አስታውሳ ሙቀት መለኪያውን ብብቷ ሥር አስገባች፤ 35.4 አለ። ከ36.5 በታች መውረድ እንደሌለበት ታውቃለች። በዚያ ሰሞን በፀጥታው ምክንያት ከመሸ ባጃጅ አይንቀሳቀስም። የእኛ ባጃጅ ነጂ ስልክ ይዞ ከመጨነቅ በቀር የሚያደርገው አልነበረም። እማማ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወጡና አይሱዙ ያለውን ጎረቤታቸውን በር ደበደቡ። እናትና ልጅ ከሾፌሩ ጎን፣ ልጅቱ እንደታሠረች ደረቷ ላይ፣ ባናው ከላይ። ሐኪሙ ሲያይ ኢንፌክሽን ነው አለ፤ ለሳምንት ያህል ተኝታ መርፌ ተወጋች። ከታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ውጭ ይገዛ ተባለ፣ ካዝናው ባዶ ነበር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ በአንድ ሌሊት አሰባሰቡት። ዳነች። ቢያድርስ ኖሮ? ሲስተርን ጠየቅኳት፣ አልመለሰችልኝም።

በዚህ መሐል ነው ያ የደብተሩ ነገር የመጣው። ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ድርጅት የሌላ እናት ወጪ ጭምር የሚሸፍን ብር ሊሰጠን ተነሳ፣ ግን በድርጅት ስም ደረሰኝ ይቁረጡልን አለ። በሦስት ሰው ስም የተከፈተ ደብተር ደረሰኝ አይቆርጥም። ብሩ ቀረ። ምዝገባውን አሁን ጀምረነዋል።

ቤተሰቦቿስ? ሽማግሌ ላክን። አባትየው አልተቆጡም፣ እንዲያውም ሽማግሌዎቹን ጠላ አቀረቡላቸው፤ መልሳቸው ግን "ልጄ ትምጣ፣ ልጁን ግን ለሰው ትስጥ" ሆነ። ልጅቷ እንቢ አለች። ጥቂት ቆይቶ የልጅቷ እናት በገበያ ቀን ተደብቀው መጡ፣ በሶና ቅቤ በቅል ይዘው። የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ዋሉ፣ ብዙም አላወሩም፣ ከመጨለሙ በፊት በአውቶቡስ ተመለሱ። ሽምግልናው አልተሳካም ብዬ ብጽፍ ነው የሚሻለው፤ በሩ ግን አልተዘጋም።

የልደት ምዝገባው ሌላ ራስ ምታት ነበር። ልደት በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ አዋጁ 760/2004 ነው። እሷ የከተማው መታወቂያ የላትም፣ የገጠሩ ደግሞ ሰው ቤት ስትወጣ እዚያው ቀርቷል። መምህራችን ከጤና ተቋሙ የተሰጠውን የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ይዞ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተ፤ ይህን ሥራ የሚወድ ሰው በየቡድኑ አንድ ያስፈልጋል፣ እኛ አለን። በመጨረሻ ተመዘገበች። የአባት ስም ሲባል ልጅቷ የራሷን አባት ስም አስሞላች። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሳች፤ የክርስትና እናቷ እማማ ናቸው።

ኪራዩ የተከፈለበት ሦስት ወር ሲያልቅ ሥራ መፈለግ ነበረባት። ብሎኬት ጋ መመለስ አይሆንም፣ ልጅ አዝሎ ማን ያሠራታል? ሰው ቤትም እንደዚያው። እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሎ መቁላት መረጠች። ገብስና ሽምብራ፣ አንድ ምጣድ፣ ማንጠርጠሪያ፣ የመነሻ እህል። ጠዋት ትቆላለች፣ ከሰዓት ልጇን አዝላ መናኸሪያ አካባቢ ትሸጣለች። ጡት ማጥባቱ አልተቋረጠም፤ የመረጥነውም ለሱ ነው። ከመጀመሪያው ትርፏ ግን ቆጣቢ ሳጥን ውስጥ የገባ የለም፤ ለቀድሞ ጓደኞቿ የኪራይ ዕዳዋን ከፈለች። አንዳንዶቻችን ተከፋን፣ "ለልጇ አታስብም እንዴ?" ተባለ። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። እነዚያ ልጆች ሆዷ ገፍቶ መሥራት ባቃታት ጊዜ ፍራሽ ያካፈሏት ናቸው።

ሒሳቡን ለሚጠይቁኝ፦ ከጠቅላላ ወጪያችን ግማሽ የሚበልጠው የቤት ኪራይ ነው። ቀጥሎ እህልና ቅቤ፣ ከዚያ መድኃኒት፣ ከዚያ የቆሎው መነሻ። ልብስና ሳሙና ከሁሉ ያነሰው ነው፤ ልብስማ ሰው ራሱ ያመጣል፣ እንዲያውም ማስቀመጫ አጥተናል። ስለዚህ ዛሬ ልርዳ የሚል ሰው ሲደውል የኪራይ ብር እንለዋለን፤ ብዙው ቅር ይለዋል፣ ኪራይ ፎቶ አይነሳማ። ሁለቱን የወተት ጣሳዎች ሐኪም ላዘዘለት ሕፃን ብለን ለሲስተር ሰጠናት።

ከዚህ በኋላ በአንድ ጊዜ ከሁለት እናት በላይ ላለመቀበል ወስነናል። መወሰኑ ቀላል ነበር። በመጋቢት ሲስተር ስለ አንዲት መንታ ስለወለደች እናት ስትደውል ግን እማማ ክፍል ሰው ነበረበት፣ ሁለተኛው ክፍልም ሰው ነበረበት፣ ካዝናው ደግሞ የአንድ ወር ኪራይ አይሞላም። አንችልም አልን። ሽንኩርት የምትሸጠው እህታችን አሁንም ማንንም ሳታማክር ሄዳ ወደ ቤቷ አመጣቻቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ ሕጉን ጣስሽ ተብላ ትጠየቃለች፤ የምትመልሰውን ከአሁኑ አውቀዋለሁ። የእማማ ክፍል ኪራይ እስከ ሰኔ ግማሹን ባለቆሎዋ፣ ግማሹን እኛ ልንከፍል ተስማምተናል፤ ከሰኔ በኋላ እንዴት እንደሚሆን ገና አልተነጋገርንም።